ማይክሮስኮፕ ላይ የምታጎነብሰው ልጅ

የክሊኒኩን ላብራቶሪ ስወለውል ሁልጊዜ የማያት ልጅ አለች፤ ስሟን አፍሬ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ሰፊ የወንድ ሰዓት ታስራለች፤ አንድ ጫማዋን አውልቃ ማይክሮስኮፑ ላይ ታጎነብሳለች። ዛሬ «ያዛት፣ እንዳትለቃት» ስትል ሰማሁ፤ ማንን እንደምትል ግራ ገባኝ።

«ከእናቴ ቁስል የወሰድኩት ነው፣ እትዬ» አለችኝ። «ትንሿ ጀርም ናት። ትልቁ ነጭ የደም ሴል ነው፣ የሰውነት ዘበኛ፤ እንደ ግቢያችን ዘበኛ አይተኛም። መጀመሪያ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ ይውጣታል።»

«ካልዋጣትስ?»

ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «እስቲ እርስዎ ይዩልኝ፤ እኔን ዓይኔን ጭጋግ ጋረደኝ።»

አየሁ። ሁለቱ ተጣብቀዋል፤ የትኛው የትኛውን እንደያዘ ግን አልገባኝም።

«ዋጣት?»

«ገና ነው ልጄ» አልኳት፤ «ግን አልለቀቃትም።»