እናቴና የኮፒው ፍሬን

የአባቴ ፒካፕ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በቤታችን በክብርም ትቀድመኝ ነበር። አባቴ ኦርጅናል ያልሆነ ዕቃ አይገጥምላትም። ለራሱ ግን ጅጋ ገበያ ያገኘውን ጫማ ሁሉ ያደርጋል። ችግሩ የሠራት ፋብሪካ ከረሳት ቆይቷል። የፍሬኗ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ገበሬው ከሩቅ ሰምቶ በሬውን ከመንገድ ያወጣል።

እናቴ የራሷ ዘዴ ነበራት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በርበሬ ጭነን ስንሄድ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት አናት ላይ ስንደርስ "ያቁሙልኝ" ትላለች። ጃንጥላዋን ዘርግታ በእግሯ ትወርዳለች። አባቴ ድልድዩ ጋ ቆሞ ሲጠብቃት ገበያተኛው "ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?" እያለ ያልፋል። ይህ አባቴን ያንገበግበው ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲነዳ የኖረ ሰው፣ የገዛ ሚስቱ አላምንህም ብላ ስትወርድበት!

ባጃጅ ቡሬ በገባበት ሰሞን እዚያ ያለው መካኒክ በአሮጌው ልክ የተሠራ የኮፒ ሸራ አስመጣ። አባቴ የማይወደውን አማች እንደሚቀበል ሰው ፊቱን አጨፍግጎ አስገጠመ። ፍሬኑን ነካ ሲያደርገው ፒካፗ ቀጥ አለች። ፊቱ ፈታ አለ።

በሚቀጥለው ጉዞ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ እናቴ "ያቁሙልኝ" አለች።

"አዲስ ፍሬን እኮ ነው፣ አንቺ!"

"ኮፒ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እግሬ ግን ኦርጅናል ነው።"

አባቴ እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ እሱም የሚይዘው በዚያው በኮፒው ሸራ ነው። ጎማው ሥር ድንጋይ እንኳ አላደረገም። "በይ አብረን እንውረድ" ብሎ ጃንጥላዋን ያዘላት። እኔ ከኋላ የበርበሬው ጆንያ ላይ ነበርኩ፤ ማንም አላስታወሰኝም። ባስነጠስኩ ቁጥር መኪናዋ የምትንሸራተት እየመሰለኝ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

እናቴ ድልድዩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። ፒካፗ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ልጄን እላይዋ ላይ ትተው ነው የወረዱት?"

ዳገቱን እየሮጠች ወጣች፤ አባቴ እያለከለከ ተከተላት። እጄን፣ ትከሻዬን ዳሰሰችኝ። ቀጥሎ ፍሬኑ የሚታይ ይመስል ጎማውን ትክ ብላ አየችው። በሩን ከፍታ ገባች።

"ልጄን ይዞ ከቆየ እኔንም አይጥለኝም። በሉ ይንዱ።"

ቀስ ብለን ወረድን። ድልድዩ ላይ አባቴ ያለ ምንም ምክንያት አቆመ፤ እናቴ ከጎኑ መቀመጧን ገበያተኛው ሁሉ አይቶ እስኪያልፍ ድረስም አልተንቀሳቀሰም።