የመለሰችው ሽቶ

ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ወደ ፎንቆ የሚሄደው የመጨረሻው መኪና ሳይወጣ፣ ሆሳዕና ካለው የትርሲት ሽቶ ቤት ጎራ ይላል። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የመዝሙር ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ያንኑ የወንዶች የምሽት ሽቶ ያሸታል እንጂ አይረጭም።

ዛሬ ትርሲትን አላስቻላትም። «ትንሽ ልርጭልዎት፣ አባባ?»

«ተይ ልጄ። ባለቤቴ ይሄንኑ ገዝታልኝ፣ ‹ቸርች ምን ይሉኛል› ብዬ ሳልከፍተው አስመለስኳት። የመለሰችበት ቀን ነጠላዋ የወንድ ሽቶ ሸተተኝ። እስክትሞት አኮረፍኳት። ያን ቀን የሸተተኝ ይሄው ይሆን እንዴ እያልኩ ነው የምመጣው።»

ትርሲት ሴትየዋን አስታወሰቻት። ዕቃውን መልሳ ልትወጣ ስትል፣ ለሙከራ ከተቀመጠው ከዚያው ሽቶ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ረጭታ ነበር።

«እሱ እምቢ ካለ» ብላ ነበር ያኔ ሴትየዋ የሳቀችው፣ «እስቲ እኔ እሱን እሱን ልሽተት።»