ከአባቴ ቤት መሸኛ

ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ወይ ተድራ ትወጣለች፣ ወይ ተጣልታ። እኔ በማኅተም ነው የወጣሁት።

ያደግሁት ላፍቶ ነው። ያኔ ላፍቶ እርሻ ነበር፤ ከደጃችን ቆሞ ወደ ከተማው ለሚያይ ሰው ዓይን የሚሞላው ጤፍና ባቄላ ነው። አባቴ የገበሬ ማኅበር አባል ነበር። እኔ የበኩር ልጁ ነኝ፤ ከቤታችን አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩትም እኔው ነኝ። ውጤቴ ግን ለዩኒቨርሲቲው የቀን ትምህርት ለጥቂት ሳይበቃ ቀረ። የቀረኝ የማታው ነበር፣ የማታው ደግሞ በክፍያ ነው። የከተማ ነዋሪ መሆኑን ቀበሌ የመሰከረለት አነስ ያለውን ይከፍላል፤ ከገበሬ ማኅበር የመጣ ግን እንደ ሩቅ አገር ሰው ተቆጥሮ እጥፍ ድርብ ይጠየቃል። አባቴ ያንን የሚከፍለው በሬዎቹን ሸጦ ነው። በሬ ሸጦስ በምን ያርሳል? እንግዲህ መማር ከፈለግሁ ያለኝ መንገድ አንድ ነበር፤ የከተማ ነዋሪ መሆን።

የአባቴ እህት ጎፋ ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ሆስፒታል ልብስ እያጠበች የምታድር፣ በመጋረጃ የተከፈለች አንዲት የቀበሌ ቤት ያለቻት ሴት ናት። «ነይ እኔ ጋ፤ ሆዴ ካልጠበበ ቤቴ አይጠብም» አለችኝ። ዕድሜ ይስጣት።

ቀበሌው ግን እንደ አክስቴ ሆደ ሰፊ አልነበረም። በመጀመሪያ ከገበሬ ማኅበሩ መሸኛ አምጪ አለ። ከዚያ ዓመት ሙሉ እዚሁ ኑሪ፣ ስብሰባ ተገኚ፣ ዘመቻ ውጪ፤ በመጨረሻ ኮሚቴ ቤት ድረስ መጥቶ ያጣራል። መሸኛ ማለት ደግሞ ከአባቴ ቤተሰብ ቁጥር መሰረዝ ነው። መሬት የሚደለደለው በቤተሰብ ብዛት ስለሆነ እኔ ስሰረዝ ድርሻዬም አብሮኝ ይነሳል። እናቴ ይህን ስትሰማ አኩርፋ ሰነበተች። አባቴ ግን «መሬት አይማርልኝ!» ብሎ ሄደና መሸኛውን አመጣልኝ። ወንዙ ዳር ያለችውን፣ ከመሬታችን ሁሉ ወዝ ያላትን ቁራሽ ቆርጠው ለጎረቤታችን ሰጡበት።

ጎፋ ገባሁ። እሑድ እሑድ ጠዋት ስብሰባ ነው፤ ግራ እጄን ሽቅብ አንስቼ መፈክር እጮሃለሁ። ችግኝ ተከልኩ፣ ቦይ ጠረግሁ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴቶችን ሀ ሁ አስቆጠርኩ። ይህ ሁሉ ምንም አይደል፤ የገደለኝ ማደሩ ነው። ላፍቶ በእግር የሚኬድበት አገር ነው፣ እኔ ግን እናቴ ቤት ማደር አልችልም ነበር። አንድ ሌሊት ከአክስቴ ቤት ብታጣ የቀበሌው ጥበቃዎች «የት አደረች?» ብለው ይይዙብኛል። ለጥምቀት ቤት ሄጄ፣ ዘመድ ሁሉ እየበላ እየጠጣ እኔ ፀሐይዋን እያየሁ ተቀምጬ፣ ሳይመሽብኝ እያለቀስኩ ተመለስኩ። የገዛ አገሬ ላይ ሰዓት እላፊ ታወጀብኝ።

በመስከረም መጨረሻ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል፣ ኮሚቴው መጣ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እረግመውና ይወጣልኝ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬን አየ። ጎረቤት ጠየቀ፣ ጎረቤት መሰከረ። ተቀመጠና እስክሪብቶውን አወጣ።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ። አባቴ ነው።

በትከሻው አንድ እቅፍ የባቄላ እሸት ተሸክሟል። በኛ ቤት ደንብ ነው፤ እሸት ሲደርስ ልጅ ሁሉ ሳይቀምስ አባቴ በአፉ አያዞርም። አንድ ዓመት ታናሽ ወንድሜ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እዚያ ድረስ ወስዶ አቅምሶት ተመልሶ ነው የቀመሰው።

«ይግቡ አባት» አለ ሊቀመንበሩ። «ማን ልበል?»

«የሷ አባት ነኛ!»

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ድርሻዋ ነው። እሷ ሳትቀምስ እኛ እንዴት እንቀምሳለን?»

አክስቴ ጠቀሰችው። ዓይኗ እስኪቀላ ጠቀሰችው። አባቴ ደግሞ ጥቅሻ የሚገባው ሰው አይደለም።

«ድርሻዋ?» አለ ሊቀመንበሩ። «እንግዲያው አሁንም ከርስዎ ቤተሰብ ናት ማለት ነው?»

የሚመልሰውን ያውቅ ነበር። «ከቤቴ ወጥታለች» ብቻ ነው፤ ከመሸኛው ቀን ጀምሮ ስናስጠናው ከርመናል። ግን በሰው ፊት፣ በልጁ ፊት፣ እሸት ተሸክሞ «ልጄ ከቤቴ ወጥታለች» ማለት እኛ ዘንድ መርገም ነው። አባቴ ደሙ ፈላ።

«ምን ማለትዎ ነው ጌታው? ልጄ አይደለችም እንዴ! እዚህማ እንግዳ ናት። ቤቷ እዚያ ነው፤ የምትተኛበት መደብ እንኳ ሰው አልነካውም!»

አበስኩ ገበርኩ! ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ከደነና ወደኔ ዞረ። «እህቴ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ለከርሞ እናየዋለን» አለ። ሊወጡ ሲሉ አባቴ «እሸት ሳትቀምሱማ አትሄዱም!» ብሎ በየእጃቸው ባቄላ አስጨበጣቸው። ይዘው ሄዱ።

«አባባ፣ ገደሉኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያው ነው። ምን እንዳጠፋ አክስቴ አስቀምጣ አስረዳችው። የያዘውን ባቄላ መሬት አስቀመጠና እጁን በጋቢው ጠረገ።

በማግስቱ ተናድጄ ላፍቶ ወረድኩ፤ ትምህርቱም ይቅር፣ መሬታችንን መልሱልን ልል። የማኅበሩ ሰዎች ሳቁብኝ። «የወጣ ሰው አይመለስም፤ መሬቱን ሰው ይዞታል» አሉኝ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ። ከተማው ገበሬ ነሽ አለኝ፣ ገበሬው ከተሜ ነሽ አለኝ። እንደገና ዓመት ሙሉ ስብሰባ፣ እንደገና ችግኝ፣ እንደገና ከመጋረጃው ጀርባ። አመሻሽ ላይ የማታ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በደጃችን ሲያልፉ መስኮቱን እዘጋው ነበር። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በሁለተኛው መስከረም ሊቀመንበሩ «አባትሽ ራሳቸው ቀበሌ መጥተው ይናገሩ» አለኝ። አባቴ መጣ። የዓመት በዓል ጫማውን አድርጓል፣ በእጁ ምንም አልያዘም። ባዶ እጁን ሳይ ተመስገን አልኩ። ያኔ አላፈርኩም፤ አሁን ነው የማፍረው።

«ይቺ ልጅ ከርስዎ ቤተሰብ ናት?»

አባቴ ግድግዳውን አየ። በአዳራሹ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የሚሰማ መሰለኝ።

«አይደለችም» አለ። «ከቤቴ ወጥታለች።»

«ድርሻ አላት?»

«እኔ ጋ ድርሻ የላትም።»

ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ። ያንን ድምፅ ስመኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ከርሜ ሲመጣ አልጣመኝም። ውጭ ስንወጣ «አባባ፣ ሻይ ይጠጡ እንጂ» ብዬ እጁን ያዝኩት። «አይ፣ ከብቶቹ…» አለና ወደ ላፍቶ አቀና። ከብቶቹን ወንድሜ እንደሚጠብቃቸው ሁለታችንም እናውቃለን።

ተመዘገብኩ። እንደ ነዋሪ ከፈልኩ፣ ደብተር ገዛሁ፣ በደጃችን ከሚያልፉት ጋር አለፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን የመስከረም ፀሐይ እየጠነከረች ስትሄድ ጆሮዬ ደጅ ደጁን ማዳመጥ ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ «ቤቶች!» አለ። እየሮጥኩ ወጣሁ። አባቴ እሸቱን ለኔ አልሰጠኝም፤ አልፎኝ ለእህቱ አቀበላት። «ለቤቱ ነው» አላትና ወደኔ ዞሮ ፈገግ እያለ «ነዋሪዋም ትቅመስ» አለ። አክስቴ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አንዷን ባቄላ ፈልፍዬ እንደ ልማዳችን ቀምሼ፣ ሌላዋን ለሱ ዘረጋሁ።

«በሉ አባባ፣ ቀመስኩ። አሁን ይቅመሱ።»

«ብዪው አንቺ» አለኝ። «እኛማ ትናንት ቀመስን።»