የአባቦራ የጥሪ ዘፈን

እኔ ወይንሸት፣ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ በሥራ ዘመኔ እንደ ጋሽ አባቦራ ያቃጠለኝ ሰው የለም። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ የተቀደደ የቡና ጆንያ እየሰፉ የሚኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው የቆዩ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። አጋሮ ያሉትን ቡና ነጋዴ፣ ወይዘሮ ባህሪያን፣ እንደሚወዱ ጅማ ሁሉ ያውቃል። ለባህሪያ ግን “ስንት ጆንያ ላዘጋጅልዎ?” ከማለት አልፈው አያውቁም።

ታዲያ ሳይጠይቁ፣ የስልክ ድርጅቱ ራሱ ስልካቸው ላይ የፍቅር ዘፈን ጫነባቸው። የደወለላቸው ሁሉ፣ እስኪያነሱ ድረስ፣ አንድ ጎረምሳ ወዳጁን በኦሮምኛ ሲለማመጥ ይሰማል። የማይሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለራሱ የሚደውል ማን አለ? ለትልቅ ሰው ደግሞ ይህን ማን ደፍሮ ይነግራል? ይሉኝታ ይዞን ዝም አልን። የሰፈሩ መስጊድ ኢማም እንኳ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ነበር የሚጠብቁት።

በዚህ መሃል የፓርላማ ቋሚ ኮሚቴ ጅማ መጣ። የስልክ ተጠቃሚዎችን መብት በሚያስጠብቅ ረቂቅ አዋጅ ላይ የሕዝብ አስተያየት ሊሰማ ነው። “ደንበኛው ሳይፈቅድ አገልግሎት አይጫንበትም” የሚለውን አንቀጽ፣ እንዲህ ያለ ችግር የለም ብለው ይውጣ የሚሉ ነበሩ። እኔ ምስክር አለኝ አልኩና ሄጄ ለጋሽ አባቦራ እውነቱን ነገርኳቸው።

መርፌያቸውን አስቀመጡ። “አስተግፊሩላህ። ኢማሙም ሰምተዋል?”

“ሰምተዋል።”

“እመሰክራለሁ። ስሜ ይጽዳልኝ።”

በስብሰባው ቀን ባህሪያ ከአጋሮ ነጋዴዎች ጋር መጡ። አዳራሹ በር ላይ ወደ ጋሽ አባቦራ ጠጋ ብለው፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ “በአፍዎ ያቃተዎትን በስልክዎ ነገሩኝ። ገብቶኛል” አሏቸው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ።

ተራቸው ደረሰ። ሰብሳቢው፣ “አባቴ፣ ይህ ዘፈን ሳይፈልጉ ነው የተጫነብዎት?” ሲሉ ጠየቁ።

ጋሽ አባቦራ እኔን አዩ፤ ባህሪያን አዩ።

“ራሴ ነኝ ያስገባሁት።”

ስለ ጆንያ ስፌት እንኳ ወላሂ ሳይሉ የማያወሩ ሰውዬ፣ ያን ቀን ወላሂ አላሉም።

“ታዲያ ቅሬታዎ ምንድን ነው?”

“ቶሎ ያልቃል።”

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ባህሪያ ፊታቸውን በሻሻቸው ከለሉ። ስንት ተስፋ የጣልኩበት ምስክሬ እንዲህ ገደል ገባ፤ ለአንቀጹ ሌላ ሰው ፍለጋ ልዞር ነው። ተናደድኩ፤ ምን ይደበቃል፣ ደስም አለኝ።

ስንወጣ ልቆጣቸው ስል ቀደሙኝ። ጥግ ይዘው፣ “ወይንሸት ልጄ፣ እስቲ ለእኔ ደውይና አሰሚኝ” አሉ። ደወልኩና ስልኬን ሰጠኋቸው። የራሳቸው ስልክ ኪሳቸው ውስጥ እየጮኸ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

“ይህን ሁሉ ብያታለሁ?” አሉ።