ከማጭድ የተመለሰ ባሌስትራ

በቆላዋ ከተማ በኮኪት ጋራዤ ብዬ የምጠራው የአንዲት ቁርቁራ ዛፍ ጥላና ዘይት የጠጣ መሬት ነው። የምጠግነውም በአብዛኛው ባሌስትራ፣ የመኪናውን ጭነት የሚሸከመው ድርብርብ የብረት ቅጠል ነው። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ባለመኪናዎቹ በጆንያ ላይ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ ደግሞ ሰው ይጭናሉ፤ መኪናውም የተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈር ላይ ሲነጥር ይውላል። ብረት እንደ ሰው ይደክማል። ባንድ ጉድጓድ አይሰበርም፤ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከርሞ፣ በመሃሉ ቡሎን ቀዳዳ በኩል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። ያቺ ስንጥቅ ከታየች በኋላ የሚቀረው መቼ ይሰበራል የሚለው ብቻ ነው።

በእኛ አገር የተሰነጠቀ ባሌስትራ አይጣልም። ቀጥቃጭ ወስዶ ማጭድ ያወጣበታል። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ከባሌስትራ ማጭድ ሌላ በእጃቸው አይነኩም። ይህን ልማድ እወደዋለሁ።

አምና ከአንድ ሀብታም መኪና ላይ የባሌስትራውን ዋና ቅጠል አውልቄ ስንጥቁን አሳየሁት፤ ቅጠሉንም ለቀጥቃጭ ሰጠሁት። በነጋታው ባለመኪናው ያንኑ ቅጠል ይዞልኝ መጣ። እሳት ሳይነካው ከቀጥቃጩ ደጅ አንሥቶታል። የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ አዲስ አስመስሎታል፤ ስንጥቋን በግራሶ ደፍኗታል። የሞተ ሰው ኩል ተኩሎ ያየሁ መሰለኝ።

«ግጠመው፤ ለዛሬ ብቻ ነው» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ይኸ ከእንግዲህ ማጭድ ነው። ሰው አይሸከምም» አልሁት።

«አንተ ደግሞ ሟርትህ!» ብሎ ሳቀና ሌላ ገጣሚ ፍለጋ ሄደ። አላጣም። ሆዳም ለሆዳም መች ይጠፋፋል!

በዚያው መኪና ወደ አገሩ ሊመለስ ጭነቱን ሲጠብቅ እኔ ጥላ ሥር የተቀመጠ አንድ የወሎ ሳሉግ ነበር። ሚስቱ ወልዳለች፤ ልጁን አላየውም። የሰማውን ሰምቷልና፣ «በዚህ መኪና አትሂድ፣ ነገ ሌላ አይጠፋም» አልሁት።

«ነገ ከሄድሁ የልጄ ክርስትና ያልፈኛል፣ ጋሼ» አለኝና፣ ባሌስትራው ተገጥሞ መኪናው ሲጫን ጆንያው ላይ ወጣ።

ከከተማው ወጣ እንዳለ፣ መኪናው ደረቁን ወንዝ፣ ኾሩን፣ ሲሻገር ባሌስትራው ለቀቀ። ድምፁን ሰምተን ሮጥን። መኪናው በጎኑ ተኝቷል፤ ሰዎቹ በየቦታው ያቃስታሉ። የባሌስትራውን ስብራት ዐየሁት፤ ግማሹ ዝገት የበላው አሮጌ፣ ግማሹ የሚያብለጨልጭ አዲስ ነበር። ጋቢና የነበረው ባለመኪና ግን አንድም ቦታ አልተጫረም። ተንበርክኮ በሁለት እጁ የፈሰሰውን ሰሊጥ ይሰበስባል። «እግዜር ያመጣው ነው» ይላል ደጋግሞ። እግዜርን በዚህ አፍ ሲጠራው ስሰማ ምራቄን ተፋሁ።

የወሎው ሰው የተበተነው ሰሊጥ ላይ ወድቋል። ጭኑ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል፤ ደሙ እህሉ ውስጥ ይሰርጋል። ልናነሣው ስንጎነበስ ባለመኪናው ከኋላችን ጮኸ።

«ኧረ ፈጠን በሉ! ደሙ ሰሊጡን አበላሸው!»

የወሎው ሰው ግን እኛን አልጠበቀም። በክርኑ እየተጎተተ ከሰሊጡ ወደ አፈሩ ለመውረድ ታገለ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጌታዬ» አለ።