ሲሞቅ የሚቃና ዘንግ

ጠርሙስ ፋብሪካው ውስጥ እሱን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሁላችንም «ውሃ ልክ» ነበር የምንለው። መካኒክ ነው። ዘመም ያለ ነገር ካየ የበላው አይረጋለትም። ሰው ቤት ሄዶ እንኳ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ከተጣመመ፣ ተነስቶ ሳያቃና አይቀመጥም። ልብስ ሰፊ ሚስቱ «እኔን ብቻ እንደ አፈጣጠሬ ተወኝ» እያለች ትስቅበታለች።

እኔ ማሸጊያ ክፍል ነበርኩ። የእኛ ሁሉ ሥራ የተንጠለጠለው ኮምፕሬሰሩ ላይ ነው። የቀለጠው መስታወት ቅርጹ ውስጥ ጠብ ሲል ነፍቶ ጠርሙስ የሚያደርገው የእሱ አየር ነዋ። አየር ሲቋረጥ ጠርሙስ የለም፤ ምድጃው ግን እንደ አምፖል አይጠፋም። የቀለጠው መስታወት እየተዝለገለገ ታች ካለው ውሃ ገብቶ ይንኮታኮታል፤ እኛም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን።

አዲሱ ኮምፕሬሰር ሲመጣ የተከለው ውሃ ልክ ነው። የሞተሩ ዘንግና የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ጫፍ ለጫፍ ይጋጠማሉ። ሁለቱ እንደ አንድ ቀጥ ብለው ካልዞሩ የሚሸከማቸው ኩሽኔታ ይበላል። እሱም ባለ መርፌ መለኪያውን አስሮ፣ ከሞተሩ እግር ሥር ስስ ቆርቆሮ እየጨመረና እየቀነሰ፣ መርፌዋ ንቅንቅ እስካትል ድረስ ለፋበት። ሲጨርስ «ዓይንህን ጨፍነህ ብትዳስሰው የት ጋ እንደተጋጠመ አታውቅም» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ኩሽኔታው ጮኸና አለቀ። ቀየሩት፤ ደገመ። ዕቃው አርቲ ቡርቲ ነው ተብሎ ከሌላ ቦታ ተገዛ፤ እሱም ተበላ። ግራሶ አንሶት ነው ተባለ፤ ሲጨምሩለት ጭራሽ ጋለ። ውሃ ልክ በሄደ በመጣ ቁጥር ይለካል፤ መርፌዋም ቀጥ ነው ትለዋለች። አንድ ቀን ሻይ ቤት አንዱ ቀልደኛ «ዘንድሮ ውሃ ልክም ዘመመ» ብሎ አሳቀን። እሱም ሰምቶ ሳቀ፤ ሻዩን ግን ሳይጨርሰው ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «እጄ ከድቶኛል መሰለኝ፤ ሳልዋረድ ብለቅ ይሻለኛል» አላት።

እሷም የምትሰፋውን ጨርቅ አስቀምጣ «መልቀቁ የትም አይሄድብህም» አለችው። «መጀመሪያ ማሽኑ አጠገብ የሚውለውን ሰው ጠይቅ።»

ማሽኑ አጠገብ የምትውለው ኦፕሬተሯ ናት፤ ሁሉም «እታለም» የሚላት ዝምተኛ ወጣት። ሥራዋ ማስነሳት፣ ማጥፋትና የግፊትና የሙቀት መለኪያ ጌጆቹን መከታተል ነው። ጠዋት ሄዶ ኩርሲ ስቦ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ይሄ ጉድ ምን እንደሚፈልግ አንቺ ታውቂ ይሆናል።»

«ጋሼ፣ ሲነሳ እኮ እንደ ድመት ኮቴ ነው፤ አይሰማም። እየሞቀ ሲሄድ ነው ማጉረምረም የሚጀምረው። አንዴ ተናግሬ፣ ማሽን ሲሠራ ይጮኻል አሉኝና ተውኩት።»

«ለእኔስ ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ሁልጊዜ የሚመጡት ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነዋ! መቼ ያገናኘናል?»

ይህ ነገር ከንክኖት መዳፉን ኩሽኔታው ቤት ላይ አድርጎ አረፈደ። ማሽኑ ሞቀ። እታለም ድንገት «መጣ» አለች። እሱ ገና ምንም አልተሰማውም ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግን መዳፉ ሥር ሲንቀጠቀጥ አገኘው።

ሮጦ ኢንጂነሩን ጠራው። ሰውየው አዲስ ነው፤ ምርት ማስቆም በአለቆቹ ዘንድ ምን እንደሚያመጣበት ያውቃል። ቢሆንም «እርስዎ ካሉ እናቁመው፤ የሚመጣውን አብረን እንችላለን» አለ። ማሽኑን አጥፍተው፣ ማንም እንዳያስነሳው ማብሪያውን ቆልፈው፣ ሳይቀዘቅዝ ተሽቀዳድመው ለኩት። መርፌዋ ዘለለች። ኮምፕሬሰሩ ሲግል አብጦ ወደ ላይ ይነሳል፤ ሞተሩ ግን ታች ይቀራል። ቀዝቅዞ ቀጥ ያለው ዘንግ፣ ሲሠራ ይጣመም ኖሯል።

ኢንጂነሩ የማሽኑን መጽሐፍ ዘርግቶ ብረቱ በሙቀት ምን ያህል እንደሚነሳ አሰላ። ከለኩት ጋር ገጠመ። መፍትሔው ሞተሩን ያንኑ ያህል አስቀድሞ ከፍ ማድረግ ነበር።

«ሆን ብዬ አጣምሜ ልሰረው ነው የምትለኝ?» አለ ውሃ ልክ።

«ሲነሳ ይጣመም ጋሼ፣ ሲሠራ ይቃናል» አለው ኢንጂነሩ።

ቆርቆሮውን ጨመረ። መርፌዋ ጠማማ ነው እያለችው ብሎኑን ሲያጠብቅ ላብ በላብ ሆነ። በዕድሜው እንደዚያ ብሎን የከበደው እንደሌለ ኋላ ነግሮኛል።

ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ አጉረመረመ። ሁላችንም እሱን አየን፤ እሱ እታለምን አየ። እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ማሽኑ እየሞቀ ሲመጣ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፤ እሷም «ማጉረምረሙን ተወው» አለች። ያ ኩሽኔታ ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ጠግቦ፣ በወጉ በመቀየሪያው ጊዜ ነው የወጣው።

ሥራ አስኪያጁ ሰብስበውን ውሃ ልክን ሲያመሰግኑ ብድግ አለ። «አይገባኝም አልልም፤ ይገባኛል። ግን ብቻዬን ብውጠው ያንቀኛል» አለ። ሳቅን። ከዚያ የእታለምን ጆሮና የኢንጂነሩን ድፍረት አንድ በአንድ ተናገረ፤ እሷም ወደ ጥገና ክፍል ትዛወርልኝ ብሎ ለመነ። ተፈቀደለት። መለኪያ አያያዙን ሁሉ ያስተማራት እሱ ነው፤ ዛሬ ዋና መካኒክ ናት።

ያኔ ከምስጋናው በኋላ፣ በዕረፍት ቀኑ ሚስቱን አስከትሎ እነ እታለም ቤት ሄደ። አንድ ክፍል ናት፤ አልጋው መስኮቱ ሥር ተጠግቷል፤ እናትየው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ልጅዎን ላመሰግን ነው የመጣሁት።»

«ምን አድርጋ ልጄ?»

«በጆሮዋ ከውርደት አወጣችኝ» ብሎ ነገሩን ሁሉ አጫወታቸው።

አሮጊቷ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ሳይዞር እታለም ውሃውን ይዛ አጠገባቸው ደርሳለች። ጠጥተው ትንፋሻቸው ሲመለስ «አስም አለብኝ» አሉ። «እኔን ስታዳምጥ ነው ያደገችው። ከመነሳቱ በፊት እሷ ታውቀዋለች። ልጅነቷን የበላሁባት ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለሥራዋ ጠቅሟታል?»

«ለእኔም ጠቅሞኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አላቸው።

እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ብዙ ሰዓትም አልለቀቁት። ሚስቱ እንደነገረችኝ እሱም ለመነሳት አልቸኮለም፤ እታለምም ለሁሉም ሻይ ልታፈላ ምድጃውን ለኮሰች።