ቤት ማረም

ሞጣ የተከራየኋት ክፍል አራት በአራት ናት። ለአልጋና ለጠረጴዛ በቂ ስፋት ነው፤ ለድምፅ ግን ወርድና ቁመቱ እኩል የሆነ ቤት ጠላት ነው። ወፍራሙ ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል ሲላተም ውሎ አንዱ ቦታ ላይ ይከመራል፣ ሌላው ቦታ ላይ ድራሹ ይጠፋል። የእኔ ወንበር የነበረው ድራሹ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ነው። ከበሮው አልሰማ ሲለኝ እጨምራለሁ፤ መዝሙር የቀዳሁላቸው ልጆች ቤታቸው ወስደው ሲከፍቱት ከበሮው ቃሉን ሁሉ ውጦታል። አንዷ ዘማሪት ተመልሳ መጥታ ሥራዬን ፊቴ ላይ ነቀፈችው። ስፒከሮቹ ጥሩ መሆናቸውን ነግሬ መለስኳት፤ ስትሄድ ግን ንዴቱ አላስቀምጥ አለኝ።

ኢንተርኔት የተመለሰ ሰሞን የመለኪያ ሶፍትዌር አወረድኩ። ስቀመጥ ጭንቅላቴ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ማይክሮፎን አቆምኩና ከስፒከሮቹ የሙከራ ድምፅ ለቀቅሁ። ከታች እንደ ማጉረምረም ይነሳል፣ እየቀጠነ ይወጣና ፉጨት ሆኖ ያልቃል። ላፕቶፑ ደግሞ ቤቱ ያበዛውንና የበላውን በመስመር ይስላል። ማይክሮፎኑን ፈቀቅ እያደረግሁ ስደጋግመው አከራዬ በሩን አንኳኩ። ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ እቤትህ የሚያለቅስ ሰው አለ እንዴ?»

«ኧረ ማንም የለም ሐጂ። ቤቱን እየለካሁ ነው።»

«ቤቱማ ምን መለካት ያስፈልገዋል? አራት በአራት ነው። ብትጠይቀኝ እነግርህ የለም?»

ሲሄዱ ሳቅኩ። ከዚያ «ማንም የለም» ያልኩት ነገር እውነት መሆኑ ትዝ አለኝና ሳቁ ቀረ። ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ ሳዳምጥ እውላለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ እኔን የሚያናግር የለም። ዘማሪዎቹ ይመጣሉ፣ ይዘምራሉ፣ ጫማቸውን አጥልቀው ይሄዳሉ። ብቸኝነት ይለመዳል የሚሉ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አላውቅም፤ እኔ አልለመድኩትም።

አባቴ ብቸና አጠገብ የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጃቸው ብሆንም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምላቸው። ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ሲነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ የተጣመመውን ያርማሉ፤ ደስ ካላቸው «ይበል» ይላሉ። «ይበል» ከእሳቸው አፍ እንደ ክረምት ፀሐይ ነበር፤ ብቅ ያለ ቀን ወሬ ይሆናል። እኔ ከእሳቸው ቅኔ የምማርበትን ጉባኤ ቤት ትቼ ወደ ስቱዲዮ ሥራ ስሄድ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን መጥተው ሥራዬን ሰምተው «ይበል» እንዲሉኝ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ለዘመድ ሙት ዓመት ወደ ሞጣ እንደሚመጡ ሰማሁ። ቤቱን የማስተካከሉን ሥራ እንደ አዲስ ተያያዝኩት። በየማዕዘኑ ጥጥ የተጠቀጠቀ ጆንያ አቆምኩ፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። የተከመረውን ድምፅ፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ኢኮላይዘር ቀነስኩ። የጠፋውን በኢኮላይዘር መጨመር ግን ከንቱ ልፋት ነው፤ ቤቱ የሚበላውን ድምፅ ምን ያህል ብታጎርሰው ይበላዋል። ስለዚህ ወንበሩን ከዚያ ቦታ አነሳሁት። በመጨረሻ በላፕቶፑ ላይ ያለው መስመር እንደ ሜዳ ቀና፤ ከበሮውም ቃሉም በየቦታቸው ሆኑ።

የኔታ ግንደወይን ላይ ጎማ ተንፍሶባቸው አቧራ ለብሰው ደረሱ። በማግስቱ ከሙት ዓመቱ መልስ ስቱዲዮ ገቡና ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ቤቱን እያረምኩ ነው የኔታ።»

ሳቁ። ቅኔ ውስጥ «ቤት» የሚባለው ስንኙ ነው። «ቤት ማረሙስ የኔ ሥራ ነበር» አሉ። ሲስቁ ሳያቸው ልቤ ሞላ።

ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸውና አንድ ወጣት ዲያቆን ያስቀዳውን ጉባኤ ቃና ከፈትኩላቸው፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት አጭር ቅኔ ናት። ልጁ ማይክሮፎን ፈርቶ የመጨረሻውን ቃል ስቶ ነበር፤ ሁለቱም ቤት በአንድ ፊደል ማለቅ ሲገባው የመጀመሪያውን በ«ሰ» ሁለተኛውን በ«ፈ» ጨርሶታል። ሊደግመው ቀጠሮ ነበረን። ድምፁ ጥርት ያለ ስለሆነ ነው ያንን የመረጥኩት፤ ስህተቱንማ የኔታ ይይዙታል ብዬ፣ እንስቅበታለን ብዬ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያልቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይበል» አሉ። «ይበል፣ ግሩም ነው።»

ስንት ዘመን የጠበቅሁት ቃል ነው፤ የመጣው ግን ስህተቱን ሳይይዙት ነው። ጥምጥማቸው ጆሯቸውን ሸፍኖት ይሆን ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አልሸፈነውም። ሰው ሲያናግራቸው አፍ አፉን ማየት እንዳበዙ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ቀጭኑ ድምፅ፣ እነ «ሰ»ን ከእነ «ፈ» የሚለየው፣ እሳቸው ጋ አይደርስም ነበር።

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን እንዲሰሙልኝ ነበር የፈለግሁት፤ ባልሰሙት ነገር የተሰጠ ይበል ምን ያደርግልኛል? ያን ሁሉ የለፋሁበትን ቀና መስመር አፈረስኩት። ቀጭኑን ድምፅ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ለእኔ ጆሮ እንደ ቆርቆሮ እስኪፋጭ ድረስ ከፍ አደረግሁትና ያችኑ ቅኔ ደገምኩላቸው።

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን አነሱ።

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«በ‹ፈ› ነው የጨረሰው።»

«አዎ የኔታ።»

«ቅድምም እንዲሁ ነበር?»

ልዋሻቸው ነበር። ዓይናቸው አፌ ላይ ነው።

«እንዲሁ ነበር።»

ስፒከሮቹን እንጂ እኔን አያዩም። «ታዲያ ስንቱን ተማሪ ይበል ብዬ ሰደድኩት?» አሉ፤ እኔን እየጠየቁኝ አልነበረም። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተነሱ። አድረው በማለዳው አውቶቡስ ወደ ብቸና ተመለሱ።

ኢኮላይዘሩን ወደ ነበረበት መለስኩት። ቤቱ አሁን ደህና ነው፤ ያች ዘማሪት ሳይቀር መጥታ አመስግናኛለች። ግን ሥራዬን ስሰማው ደስ የሚለኝ ነገር ጠፋ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ደወልኩላቸው። ከዚያ በፊት ስደውል ከኋላቸው የተማሪዎቹ ድምፅ አይጠፋም ነበር፤ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ያንጎራጉራል። አሁን ከኋላቸው ምንም የለም። የሚመልስ ሰው የሌለበት ባዶ ቤት ምን እንደሚመስል እኔ አላጣውም። ሰላምታዬን ይስሙት አይስሙት እንጃ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤

«ተማሪዎቹን ጆሮ ወዳለው መምህር ሰደድኳቸው።»

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ» አልኩ።

«እ?»

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ሐጂ ከሱቃቸው ወጥተው እስኪያዩኝ ድረስ ጮህኩ።

«አልሰማም ልጄ፣ አልሰማም» አሉኝ፤ ስልኩንም ዘጉት።